ስለ ልክ፦ የሳል መድኃኒትና የለንደን ልጆቻችን

በስደት ቤት ውስጥ ማንም የማይጠረጥረው ዕቃ ቢኖር የሳል ሽሮፕ ነው። ከልጅ ቦርሳ ጫት ቢወጣ ቤቱ ይታመሳል፤ አባት ይቆጣል፣ እናት ታለቅሳለች፣ የንስሐ አባት ይጠራል። ግማሹ የጎደለ የሳል መድኃኒት ቢገኝ ግን «ለካ ልጄን አሞት ኖሯል፤ ሳይነግረኝ!» ተብሎ ይታዘንለታል፤ ማታም ሾርባ ይሠራለታል። ሐዘኔታው ከመልካም ልብ የመጣ ስለሆነ አልነቅፈውም። ግን አንድን ነገር ስላመንነው ብቻ ከመመርመር ነጻ ይወጣል ወይ? እምነታችንስ ያረፈው በምኑ ላይ ነው? በፈሳሹ ላይ ነው፣ በሸጠልን ፋርማሲ ላይ ነው፣ ወይስ በማንኪያው ልክ ላይ? የዚህ ሐተታ ጥያቄ ይኸው ነው።

ጥያቄውን አንድ ሰፈር ይዘን እንመልከተው። ፓርክ ሮያል በምዕራብ ለንደን፣ ብሬንትና ኢሊንግ በሚገናኙበት የተዘረጋ ሰፊ የፋብሪካና የመጋዘን ሰፈር ነው። ስሙ የወጣለት የንጉሣዊው የግብርና ማኅበር በ1903 ቋሚ የትርዒት ሜዳውን እዚያ ከከፈተ ወዲህ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ጽፌአለሁ)። ትርዒቱ ሦስት ዓመት ታይቶ ከሠረ፤ ስሙ ግን ቀረ። ከ1936 እስከ 2005 የጊነስ ቢራ ፋብሪካ በዚህ ነበር። ዛሬ ዳቦው፣ ሳንድዊቹ፣ የታሸገው ምግብ ሌሊት እዚህ ተሠርቶ ሲነጋ በከተማው ይበተናል። እንዲህ ያለ ሥራ በአብዛኛው የስደተኛ ሥራ ነው። ናይት የሚገባ ወላጅ ጠዋት ሲመለስ ልጁ ወደ ትምህርት ቤት ይወጣል፤ በር ላይ ሰላም ተባብለው ይተላለፋሉ። ይህን ለወቀሳ አላነሳሁትም፤ ኪራይና መብራት ማን ሊከፍል ነው? ያነሳሁት በእንዲህ ያለ ቤት ውስጥ የመድኃኒት መደርደሪያው ጠባቂ ማን እንደሆነ ለመጠየቅ ነው።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። ወጣቶች «ሊን» የሚሉት መጠጥ አለ። ኮዴይን ያለበት የሳል ሽሮፕና ፕሮሜታዚን የሚባለው የአለርጂ መድኃኒት ከለስላሳ መጠጥና ከከረሜላ ጋር ተቀላቅሎ የሚጠጣ ነው። ልማዱ የታወቀው በአሜሪካ በሂውስተን ከተማ ሲሆን ወደ ዓለም የተሰራጨው በራፕ ሙዚቃ ነው። ሙዚቃውን ካስፋፉት አንዱ ዲጄ ስክሩ በ2000፣ ራፐሩ ፒምፕ ሲ ደግሞ በ2007 ሲሞቱ የኮዴይን ስም በሁለቱም አሟሟት ተነሥቷል። ዘፈኑ ውስጥ ግን መጠጡ የመዝናናት ምልክት ሆኖ ቀጠለ። አንድ የ15 ዓመት ልጅ ያንን ዘፈን በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማ አጠገቡ ያለች እናቱ የምትሰማው ምንም የለም።

ይህ የአሜሪካ ጣጣ ብቻ ሆኖ አልቀረም። በ2018 ቢቢሲ አፍሪካ አይ በናይጄሪያ የሳል ሽሮፕ ጥቁር ገበያ ላይ የሠራው ምርመራ ከተላለፈ በኋላ የናይጄሪያ መንግሥት ኮዴይን ያለበትን ሽሮፕ ማምረትንና ማስገባትን ወዲያው ከለከለ። ብሪታንያም ደረጃ በደረጃ ደረሰች። የአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኮዴይን ያለባቸው የሳል ሽሮፖች ከ18 ዓመት በታች ላሉ እንዳይሸጡ በ2010 ወሰነ፤ በየካቲት 2024 ደግሞ «ኮዴይን ሊንክተስ» የተባለው ሽሮፕ ያለ ሐኪም ማዘዣ ለማንም እንዳይሸጥ አደረገ። ምክንያቱን በግልጽ ተናግሯል፤ ሽሮፑ ለሳል ሳይሆን ለስካር እየተገዛ ነበር፣ ሱስም ያስይዛል። ያ ሽሮፕ በአምስት ሚሊ ሊትር፣ ማለትም በአንዲት የሻይ ማንኪያ፣ 15 ሚሊ ግራም ኮዴይን ነበረው። ማንኪያዋ ሳልን ታበርዳለች፤ ጠርሙሱ ሙሉውን ሲጠጣ ግን እስትንፋስን ሊያቆም ይችላል። ፈሳሹ ያው ነው፤ የተለወጠው ልኩ ነው።

ሳልን በሚያደነዝዝ ነገር ማብረድ ለለንደን አዲስ ነገር አይደለም። ከፓርክ ሮያል በአውቶቡስ የሚደረስበት የፓዲንግተኑ ሴንት ሜሪ ሆስፒታል፣ ኬሚስቱ አልደር ራይት በ1874 ዛሬ ሄሮይን የሚባለውን ቅመም ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራበት ቦታ ነው። ባየር የተባለው የጀርመን ኩባንያ በ1898 ያንኑ ቅመም ለገበያ ሲያወጣው ለሳል ፍቱን የሆነ፣ ከሞርፊን ይልቅ ጉዳት የማያደርስ ብሎ ነበር የሸጠው። በዚያ ዘመን የነበሩ ወላጆች ከእኛ የባሱ ሞኞች አልነበሩም። በሣጥኑ ላይ የተጻፈውንና የሐኪሙን ቃል አመኑ። እንደ ዘመናቸው አመኑ፣ ልኩን ግን የነገራቸው አልነበረም። እኛ ከእነርሱ የምንሻልበት አንድ ነገር ቢኖር ልኩ ተጽፎልን መገኘቱ ነው፤ ያንን ካላነበብን ግን ብልጫችን ምኑ ላይ ነው?

የኮዴይን ሽሮፕ በማዘዣ ብቻ ስለሆነ «እንግዲህ ተገላገልን» የሚል ይኖራል። አልተገላገልንም። ኮዴይንን ከፓራሲታሞል ወይም ከአይቡፕሮፌን ጋር አዋህደው የያዙ የሕመም ማስታገሻዎች በዝቅተኛ መጠን ያለ ማዘዣ ከፋርማሲ ይገኛሉ፤ ሣጥናቸው ላይ ሱስ እንደሚያስይዙና ከሦስት ቀን በላይ መውሰድ እንደማይገባ ተጽፏል። በብዙ የደረቅ ሳል ሽሮፖች ውስጥ ደግሞ ዴክስትሮሜቶርፋን የሚባል ሌላ ቅመም አለ። በልኩ ሲወሰድ ጉዳት የለውም፤ የአዋቂ የቀን ጣሪያው 120 ሚሊ ግራም ነው። ከዚያ በብዙ እጥፍ ሲወሰድ ግን ሰውን ከራሱ ያለያየዋል። እግር ይንገዳገዳል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ዓይን ያልሆነ ነገር ያያል። ለጭንቀት ወይም ለድብርት መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ይህን ከጨመረበት አደጋው ይባስ ይከፋል፤ ሁለቱ ተዳምረው ሰውነትን ወደሚያግል፣ ጡንቻን ወደሚያንቀጠቅጥ፣ ሕይወትንም ወደሚያሰጋ ሁኔታ ሊያደርሱ ይችላሉ።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ግን ልጁ ራሱ የማያስበው ነው። ብዙ የጉንፋንና የሳል መድኃኒቶች በውስጣቸው ፓራሲታሞል አለባቸው። ልጁ የፈለገው ስካሩን ነው፤ አብሮ የዋጠው ግን ጉበቱን የሚያቃጥለውን ነው። ፓራሲታሞል ከመጠን ሲያልፍ ተንኮለኛ ነው። በመጀመሪያው ቀን ልጁ ትንሽ ያቅለሸልሸው ይሆናል፣ ወይም ምንም አይሰማው ይሆናል፤ ቁርሱን በልቶ ትምህርት ቤት ሊሄድም ይችላል። ጉበቱ መጎዳቱ የሚታወቀው ዘግይቶ ነው። ማርከሻው መድኃኒት ደግሞ ፓራሲታሞሉ ከተወሰደ በስምንት ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው አስተማማኝ የሚሆነው። ብሪታንያ በ1998 ከፋርማሲ በአንድ ጊዜ የሚሸጠውን ፓራሲታሞል በ32 ፍሬ፣ ከተራ ሱቅ ደግሞ በ16 ፍሬ የወሰነችው ያለ ነገር አይደለም። እኛ ቤት ግን ከሦስት ሱቅ የተገዛው፣ ዘመድ ከአዲስ አበባ በሻንጣ ያመጣው፣ ጎረቤት «ተርፎኛል፣ ያዢው» ብላ የሰጠችው ሁሉ በአንድ መሳቢያ ይከማቻል። ደኅና ይሆናል ያልነው መድኃኒት ነውና ማን ይቆጥረዋል?

እስከዚህ ያልኩት ለማንኛውም የለንደን ወላጅ የሚነገር ነው። ቀጥሎ ያለው ግን ለእኛ ለብቻችን ነው።

ኮዴይን በራሱ ደካማ ነገር ነው። ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ጉበት ጥቂቱን ወደ ሞርፊን ይለውጠዋል፤ ሕመም የሚያስታግሰው፣ የሚያደነዝዘው፣ እስትንፋስንም የሚያቀዘቅዘው በአመዛኙ ያ ሞርፊን ነው። ለውጡን የሚያካሂደው ሲ-ዋይ-ፒ ቱ-ዲ-ሲክስ የሚባል ኢንዛይም ነው። አብዛኛው ሰው የዚህን ኢንዛይም ዘረመል ከአባት አንድ፣ ከእናት አንድ ይወርሳል። አንዳንዱ ግን ተደራርቦ ይወርሰዋል። የተደራረበለት ሰው ኮዴይንን ወደ ሞርፊን የሚለውጠው በፍጥነትና በብዛት ነው፤ ለሌላው ልክ የሆነው ለእርሱ ከልክ ያልፋል።

በ1996 በስዊድኑ ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ይሠሩ የነበሩት ኢትዮጵያዊቷ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው ኢትዮጵያውያንን መርምረው ያገኙት ነገር የመድኃኒት ሳይንስን ዓለም አስደነቀ። ከመረመሯቸው መካከል 29 በመቶው ይህ ዘረመል የተደራረበላቸው ነበሩ። በሰሜን አውሮፓ ቁጥሩ ከ1 እስከ 2 በመቶ ነው። ዛሬ በብሪታንያ ለሐኪሞችና ለፋርማሲ ባለሙያዎች የሚዘጋጀውን የኮዴይን መግለጫ ሰነድ ከፍቶ የሚያነብ ሰው በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ ሕዝቦች ተዘርዝረው ያያል። ግሪኮች 6 በመቶ፣ ሀንጋሪዎች 1.9 በመቶ ይላል። ከሁሉ በላይ ያለው መስመር «አፍሪካዊ/ኢትዮጵያዊ» የሚል ነው፤ ቁጥሩም 29 በመቶ። ስማችን ከእነ ማስጠንቀቂያው እዚያ ተጽፏል። በዚህ አገር ብዙ ፎርም ስንሞላ «ሌላ» የምትለው ሣጥን ላይ ምልክት ማድረግ የለመድን ሰዎች፣ በስማችን የተጠራንበት አንድ ሰነድ ቢኖር ይህ መሆኑ ያስገርመኛል። እኛ ግን አላነበብነውም።

ነገሩ በዚህ አያበቃም። እሌኒና ባልደረቦቻቸው በ2002 ባወጡት ሌላ ጥናት በኢትዮጵያ የሚኖሩና በስዊድን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን አነጻጸሩ። ዘረመላቸው ተመሳሳይ ሆኖ ሳለ በአገር ቤት ባሉት ላይ ኢንዛይሙ ዘገም ብሎ ተገኘ፤ ተመራማሪዎቹም ልዩነቱን ከአካባቢና ከአመጋገብ ጋር አያይዘውታል። እንግዲህ «እኔ አገር ቤት ሳለሁ ስንቱን መድኃኒት ወስጄ ምን ሆንኩ?» የሚለው የአባት ክርክር ለንደን ተወልዶ ለንደን ላደገ ልጅ ዋስ አይሆንም።

ለምን እንዲህ ሆነን ተፈጠርን? ከተመራማሪዎቹ አንዱ የሆኑት ማግነስ ኢንገልማን-ሱንድበርግ አንድ መላ ምት አቅርበዋል። በምሥራቅ አፍሪካ በረኃብ ዘመን ሰው የዱር ቅጠልና ሥራ ሥር እየበላ ሲተርፍ፣ በዕፅዋቱ ውስጥ ያለውን መርዝ ቶሎ ሰባብሮ የሚያስወግድ ጉበት ያለው ሰው በሕይወት ቀርቶ ልጅ ወለደ፤ ዘረመሉም በትውልድ እየተባዛ መጣ ይላል። ገና ያልተረጋገጠ መላ ምት ነው። እውነት ከሆነ ግን ከባድ ሐሳብ አለበት። በክፉ ቀን ሳማ ቀቅላ ልጆቿን ያሳደገች ቅድመ አያት ያወረሰችን ጉልበት ነው ዛሬ በአንድ ጠርሙስ ሽሮፕ ፊት ድካም የሚሆንብን። ርስቱ አንድ ነው፤ ዘመኑ ተለወጠና ትርጉሙ ተገለበጠ። ያተረፈን ነገር ሁሉ ሁልጊዜ ያተርፈናል ብሎ ማመን እንደማይቻል ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላውቅም።

በተግባር ምን ማለት እንደሆነ እንቁጠረው። አራት ጓደኛሞች አንድ ጠርሙስ እኩል ተካፍለው ጠጡ እንበል። ሦስቱ አንቀላፍተው ይነሣሉ። አራተኛው፣ የእኛው ልጅ፣ ላይነሣ ይችላል። ከሌሎቹ ያልበለጠ ጠጥቶ ሳለ ነው። እነርሱም «ተኝቷል፣ ተዉት» ይላሉ፤ እነርሱ ራሳቸው ምንም አልሆኑምና። ቁጥሩ 29 እንጂ መቶ አይደለም፤ ኢትዮጵያዊ ሁሉ እንዲህ ነው ማለት አይደለም። ግን ማን እንደሆነ ፊት ላይ አይነበብም። ከአንድ እናት የወጡ ወንድማማቾችም ሊለያዩ ይችላሉ። ስለዚህ «ጓደኞቼ ጠጥተው ምንም አልሆኑም» የሚለው የጎረምሳ ማስረጃ በእኛ ልጅ አፍ ላይ ከማንም ልጅ አፍ ይልቅ ባዶ ነው። ይህን ልጁ ራሱ ሊያውቀው ይገባል። ማስፈራሪያ ሳይሆን ስለ ገዛ ደሙ የተነገረው እውቀት ሆኖ ቢደርሰው፣ ከመቶ ተግሣጽ ይልቅ ልቡ ውስጥ የሚቀር ይመስለኛል። ጎረምሳ ስለ ራሱ የሚነገረውን ነገር ለመስማት ጆሮ አለው።

አሁን ደግሞ ወደ ማንበቡ ጉዳይ። በብዙ ቤታችን የመድኃኒቱን ወረቀት የሚያነበው ልጁ ነው። ከሐኪም ቤት የሚመጣውን ደብዳቤ የሚተረጉመው፣ ከፋርማሲው ሰው ጋር የሚነጋገረው፣ «በቀን ስንት ጊዜ ይላል?» ሲባል የሚመልሰው እርሱ ነው። እንዲህ ሲሆን የቤቱ ሥርዓት ሳናውቀው ይገለበጣል። ልክ የሚያውቀው ልጅ፣ የሚታዘዘው ወላጅ ይሆናል። በዚህ ላይ ልጁ ተንኮለኛ መሆን አያስፈልገውም። ወረቀቱ ላይ ያለውን ማስጠንቀቂያ ሁሉ ለእናቱ ማንበብ ቢሰለቸው ብቻ በቂ ነው። እናትም «ልጄ አዋቂ ነው» እያለች ትመካበታለች። ልጅን በአስተርጓሚነት ማሠራት ችግር የወለደው ነው፣ አልፈርድም። ከመድኃኒት ላይ ግን እጁ መነሣት አለበት። የፋርማሲ ባለሙያ ማስረዳት ሥራው ነው፤ «ይህ ምን አለበት? ሱስ ያስይዛል ወይ? ለስንት ዓመት ልጅ ነው?» ብሎ በተሰባበረ እንግሊዝኛ መጠየቅ አያሳፍርም።

ሌላው ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ልማድ ነው። «ትንሽ ጨምሪበት፣ ቶሎ እንዲለቀው» የምንለው ነገር። ለዳማከሴ ጭማቂ፣ ለጦስኝ ሻይ፣ ለዝንጅብል ይህ ብዙ አይጎዳ ይሆናል። ልጁ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚማረው ነገር አለ፦ ልክ ማለት ለፈሪ የተጻፈ ምክር ነው፣ ደፋር ይጨምራል። በኋላ ጎረምሳ ሆኖ ጠርሙሱን ሲያነሣ አዲስ ትምህርት አልተማረም፤ ከእኛ ያየውን አሰፋው እንጂ። በነገራችን ላይ የዚህ አገር የሕክምና መመሪያ አውጪ አካል፣ ናይስ የሚባለው፣ ለተራ ሳል በመጀመሪያ ከሚመክራቸው አንዱ ማር ነው፤ ዕድሜው አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ካልሆነ በቀር። አያቶቻችን ይህን ለመናገር መመሪያ አላስፈለጋቸውም። ተራ ሳል በአብዛኛው በሦስት ወይም በአራት ሳምንት በራሱ ይሄዳል፤ ቤት ውስጥ ሽሮፕ ባይኖርስ ምን ይጎድላል?

እስካሁን ስለ ጠርሙሱ ብዙ አልኩ፤ ስለ ልጁ ጥቂት። ጠርሙሱ ግን በራሱ አይከፈትም። ልጅ የሳል መድኃኒት ለምን ይጠጣል? አንዱ ለማወቅ ነው፣ አንዱ ጓደኞቹ ፊት ላለማነስ ነው። አንዱ እንቅልፍ እምቢ ብሎት ነው። አንዱ ደግሞ በሁለት ዓለም መካከል፣ ቤት ውስጥ በአማርኛ ጨዋ፣ ደጅ በእንግሊዝኛ ጠንካራ መሆን ታክቶት አንድ ሰዓት እንኳ ዝም የሚያሰኘውን ነገር ሲፈልግ ነው። ለሁሉም አንድ መልስ የለም። ለማወቅ የጠጣው እውነቱ ሲነገረው ሊመለስ ይችላል፤ ዝምታ ፍለጋ የጠጣው ግን ጠርሙሱ ቢቆለፍበት ሌላ ይፈልጋል። ኢንተርኔት ላይ ከማይታወቅ ሰው የሚገዛው ጠርሙስ ደግሞ ምን እንዳለበት ሻጩም አያውቅ ይሆናል። ስለዚህ መቆለፉ ጅምር ነው እንጂ ፍጻሜ አይደለም። ከመቆለፉ ጋር መቀመጥ አለበት፤ ከልጁ ጋር፣ ስልክ ሳይኖር፣ ያለ ችኮላ። ናይት ለሚሠራ ወላጅ ይህ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ በሳምንት አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላም ቢሆን ይሆናል።

ከሁሉ የሚብስብን ገመና ነው። ልጁ ተይዞ ሲገኝ የመጀመሪያው ጥያቄያችን «ሰው ሰምቷል ወይ?» ይሆናል። በቤተ ክርስቲያን ምን ይሉናል፣ ማኅበሩ ምን ይለናል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን ተረት ለሌላ ሰው ለመጥቀስ ማንም አይቀድመንም። ቀጥሎ ደግሞ ፍርሃት አለ፤ ለሐኪም ብንናገር ልጃችንን ይወስዱብናል፣ ፖሊስ ይመጣል የሚል። ሐኪም ግን ስለ ሱስ የሚነገረውን በምስጢር ይይዛል። እንዲያውም የጌቶች ምክር ቤት ዳኞች በ1985 በጊሊክ ጉዳይ በሰጡት ውሳኔ መሠረት ከ16 ዓመት በታች ያለ ልጅ የሚደረግለትን መረዳት የሚችል ከሆነ ለብቻው ሐኪም ዘንድ ሄዶ መታከም ይችላል፤ ሐኪሙም ከባድ አደጋ ካላየ በቀር ለወላጅ ላይናገር ይችላል። ይህ ብዙ ወላጆቻችንን ያስቆጣል፤ እኔ ግን ቁጣውን አልጋራም። ለእኔ ከሚናገርና ለማንም ከማይናገር ልጅ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ፤ ለእኔ የማይናገር ከሆነ ግን ለሐኪም ይናገር። ፍራንክ የሚባለው የአገሪቱ የአደንዛዥ ነገሮች ምክር መስመርም በ0300 123 6600 ለልጅም ለወላጅም በምስጢር ያማክራል።

ምልክቶቹን አጥብቆ ማወቅ ደግ ነው። ኮዴይን ከመጠን የወሰደ ልጅ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ይጠባል፣ ይፈዛል፣ እስትንፋሱ ይዘገያል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል ወይም ይገረጣል፤ እንደ እንቅልፍ የሚመስል፣ ግን በጥሪም በመነቅነቅም የማይነቃ ድንዛዜ ነው። ማንኮራፋቱን ሰምቶ «ደክሞት ነው» ብሎ በር መዝጋት ስንቱን ልጅ አሳጥቷል። ዴክስትሮሜቶርፋን ከሆነ ደግሞ ብሌኑ ይሰፋል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ አካሄዱ ይሰናከላል፣ ንግግሩ ይበታተናል። ቶሎ ቶሎ የሚያልቅ ሽሮፕ፣ ሳል ሳይኖር ባዶ ጠርሙስ፣ ከለስላሳ ጠርሙስ የሚወጣ የመድኃኒት ሽታ፣ የተለወጠ የእንቅልፍ ሰዓት፣ እነዚህ ቀስ ብለው የሚናገሩ ናቸው። ብቻቸውን ማስረጃ አይደሉም፤ መጠየቂያ ናቸው።

በፓርክ ሮያልና በአካባቢው ለምትኖሩ አንድ ነገር አጥብቄ ልንገራችሁ። ሴንትራል ሚድልሴክስ ሆስፒታል በሰፈሩ መካከል ስላለ ብዙ ሰው ድንገተኛ ሲሆን ወደዚያ ይሮጣል። የሆስፒታሉ የድንገተኛ ክፍል ግን ከመስከረም 2014 ጀምሮ ተዘግቷል፤ አሁን ያለው ለቀላል ሕመምና ጉዳት የሚሆን የአስቸኳይ ሕክምና ክፍል ነው። ልጃችሁ ካልነቃ ወይም እስትንፋሱ ከከበደ በራሳችሁ መኪና ይዛችሁት አትሂዱ፤ 999 ደውሉ። ቢያስታውክ እንዳይታነቅ በጎኑ አስተኙት፤ ለብቻው አትተዉት፤ በግድ እንዲያስታውክ አታድርጉ፤ ቡና አታጠጡት። ምን እንደወሰደ፣ ምን ያህል፣ በስንት ሰዓት እንደወሰደ የምታውቁትን ሁሉ ሳትደብቁ ለአምቡላንሱ ሠራተኛ ንገሩ፤ ጠርሙሱንና ሣጥኑን ስጧቸው። በእጃቸው ያለው ናሎክሶን የሚባል ማርከሻ የኮዴይንን ጉልበት በደቂቃዎች ሊሰብር ይችላል። ፓራሲታሞል ከተጠረጠረ ደግሞ ልጁ ሙሉ ጤነኛ ቢመስልም፣ ቢስቅና ምግብ ቢበላም፣ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂድ፤ ነገ አይባልም።

የጥርስ ሐኪም፣ ጂፒ ወይም የቀዶ ሕክምና ክፍል ለልጃችሁ ወይም ለምታጠባ እናት ኮዴይን ሲያዝ ዝም ብላችሁ አትቀበሉ። ኢትዮጵያውያን መሆናችሁን ተናገሩ፤ «በመግለጫው ላይ ስለ እኛ የተጻፈውን አይተውታል ወይ? ሌላ ማስታገሻ የለም ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሌላ ማስታገሻ ብዙ ጊዜ አለ።